የድምፅ በላው እናት

ባለፈው ሰሞን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ኬክ ቤት አብተውን አገኘሁት። የቀበሌያችን የድሮ ሊቀመንበር ነው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ከዘራ ይዟል፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ የማያውቀው ሰው አባቴ ብሎ ወንበር ይለቅለታል። እኔን ሲያይ ፈገግ አለና «ገርባ! ያ ድራማችሁ አሁንም ትዝ ይለኛል። በላይነሽ ግን ምን ዓይነት ተዋናይ ነበረች ጃል!» አለኝ።

ተዋናይ! ደሜ ፈላ። ሻዩን ፊቱ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሽማግሌ ነው ብዬ ተውኩት እንጂ፣ ወጥቼ እስከ ቤቴ ስሄድ ለብቻዬ እየተሳደብኩ ነበር። እሱ በየኬክ ቤቱ እንደ ቀልድ የሚያወራውን እኔ እንደነበረው ልናገረው።

እትዬ በላይነሽ ተዋናይ አልነበረችም። ሽንኩርት ከታፊ ነበረች። ባሏ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ በወባ ሞተባትና፣ አንድ ልጇን አስናቀን ታቅፋ ዘመናይ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ገባች። ምግብ ቤቱ የአሰብ መንገድ ላይ ነበር፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት። ከዓለም ጤና ከተማ በጆንያ የሚመጣውን ሽንኩርት ጠዋት ቁጭ ብላ ትጀምራለች፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ትጨርሳለች። ዝምተኛ ሴት እንዳትመስላችሁ። አንድ ሾፌር ወጡ ቀጠነ ብሎ ሳህኑን ቢገፋ፣ አንስታ በር ላይ ለተኛው ውሻ ሰጠችው። ውሻው ልሶ ሲጨርስ «እሱ አልቀጠነበትም» አለችው። ሾፌሩ ሌላ ሳህን ለምኖ በላ።

አስናቀና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። እሱ እናቱን አንቺ ሲላት እየሰማሁ ስላደግሁ፣ እኔም እስክትሞት አንቺ ነበር የምላት። አስናቀ ሲያፏጭ ውሎ ሲያፏጭ የሚያመሽ ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመጣ ፉጨቱ ቀድሞት ይደርሳል፤ እናቱም ፉጨቱን ስትሰማ ምሳውን ታቀርባለች። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ ሰው በሚታጨድበት ጊዜ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ መጥቶ ከምሳው ላይ አንስቶ ወሰደው። አናርኪስት ነው ተባለ። በሳምንቱ ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር ከሌሎች ልጆች ጋር ተጥሎ አየችው። ፊቱ አይለይም፤ ራሷ በሠራችለት ሹራብ ነው የለየችው። ልትነካው ስትጠጋ በሰደፍ መለሷት። በኋላ መኪና መጥቶ ሁሉንም ጭኖ ሄደ። የት እንደወሰዷቸው የነገራት የለም።

ቤቷ ገብታ ገና አንዴ እንደጮኸች አብተው ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር ደረሰ። በሩ ላይ ቆመና «በዚህ ቤት አይለቀስም!» አላት። «ለፀረ ሕዝብ የሚያለቅስ ራሱ ፀረ ሕዝብ ነው።» ከአጥር ወዲህ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ጎረቤቷ ከሪማ ውሃ በጆግ ይዛ እስከ አጥሩ መጥታ ነበር፣ መለሷት። እድሩ ድንኳን እንዳይተክል ተነገረው። ጥሩምባ ነፊው ወዬሳ ጥሩምባውን ቤቱ ሰቀለ። ያቺ ሴት ግድግዳ ስታይ ዋለች። በልጅ ሞት ያልተለቀሰበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አይ ዓይኔን!

በማግስቱ ሥራ ገባች። ሽንኩርቱን አስጠግታ ከተፈች፣ የራሷን ጨርሳ የሌሎቹንም ሴቶች ድርሻ ከተፈች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ መክተፊያው ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ሲያያት «ሽንኩርቱ ነው» ትላለች። እንግዲህ ሽንኩርትን ፀረ ሕዝብ ነው ብሎ የሚያስር ገና አልተሾመም። እንደዚያ ዓመታት አለፉ። ለዓመታት ልጇን በሽንኩርት አሳብባ አለቀሰችው፣ ያውም ድምፅ ሳታሰማ።

አሁን ወደ ድራማው ልምጣ።

ኃይለየሱስ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከአቦምሳ ተዛውሮ መጣ። ቀጭን፣ ሲናገር የሚያፍር፣ ስለ ከዋክብት ከተነሣ ግን ማቆሚያ የሌለው ሰው ነው። ቀበሌው የኪነት ቡድኑ ኃላፊ አደረገው። እኔ ጋራዥ ነበር የምሠራው፤ ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ጎትተው ቡድኑ ውስጥ ከተቱኝ። ያው የለመድነውን መዝሙር መቶ ጊዜ ዘምረን ሰው ሰልችቶታል። ኃይለየሱስ አንድ ቀን «በድምፅ ብቻ የሚሰማ ድራማ ብንሠራስ? ስለ መጪው ዘመን» አለን።

ሰሚ የማግኘት ችግር አልነበረብንም። ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቡ በሙሉ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ፊት ለስኳር ይሰለፋል። ስኳሩ የሚሠራው አፍንጫችን ሥር ነው፣ ነፋሱ ሲዞር ሽታው ቤታችን ይገባል፤ እኛ ግን ፌስታል ይዘን ፀሐይ ላይ ቆመን እንለምነዋለን። ይሄ ራሱ ያናድደኛል፣ ይቅር። ሱቁ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ጣሪያው ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። እኛ አዳራሹ ውስጥ ማይክራፎን ከበን እንጫወታለን፣ ሰልፈኛው ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። የት ይሄዳል? ተራው ይወሰድበታል።

ድራማው «ድምፅ በላው» ይባል ነበር። ዘመኑ ሦስት ሺህ ነው። ከተማችን ናዝሬት በመስታወት ጣሪያ ተሸፍናለች፣ ጋሪዎች ያለ ፈረስ ይበራሉ፣ አዋሽ በቧንቧ ወደ ጨረቃ ይወጣል። አንድ ክፉ ሰው ተራራ ላይ ማማ ሠርቶ በመሣሪያው የዓለምን ድምፅ ሁሉ ይስባል፤ የልጆች ሳቅ፣ የወፍ ዜማ፣ የገበያ ጫጫታ፣ ሁሉንም በጠርሙስ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ሊዋጋው ከነፃ ፕላኔቶች ኅብረት የተላከ ጓድ ኮስሞናት የሚባል ጀግና አለ። እሱን ማንም አልወደደውም፤ ሲናገር ስብሰባ ላይ ያለህ ይመስልሃል። ድምፅ በላው እኔ ነበርኩ። የመንኮራኩሩን ድምፅ በቡታጋዝ ምድጃ እንሠራዋለን፣ ነጎድጓዱን በቆርቆሮ፣ የመሣሪያውን ትንፋሽ ደግሞ ከጋራዥ ባመጣሁት የጎማ መንፊያ።

ሰው አበደበት። በመንገድ ሳልፍ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይሸሻሉ። የጋሪ ነጂዎች «ድምፅ በላው፣ የፈረሴን ኮቴ እንዳትወስድብኝ!» ይሉኛል። በሳምንቱ ከሰልፉ መሐል እትዬ በላይነሽ ጠራችኝ።

«አንተ ገርባ! ይሄ ሰውዬህ እናት የለውም?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ድምፅ በላው ነዋ! ሰው ሁሉ ዝም እንዲል የሚፈልግ ምን ቢደርስበት ነው? ልጅ ሆኖ ማን ምን አደረገው? እሱን ሳትነግሩን ክፉ ነው ክፉ ነው ብቻ!»

ሰልፈኛው ነገሩን ተቀበላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስኳሩን ትቶ የድምፅ በላውን ልጅነት ንገሩን ማለት ጀመረ። ኃይለየሱስ ደስታውን አልቻለውም፣ ቁጭ ብሎ ጻፈው። ግን ያለ አብተው ማኅተም አንዲት ቃል በዚያ ማይክራፎን አታልፍም። ሁለታችን ይዘንለት ሄድን።

አብተው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ ደግሞ ምን ልጅነት አለው?» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመደብ አመጣጡን ለሕዝቡ ለማሳየት ነው» አለ ኃይለየሱስ እየተንተባተበ።

የመደብ አመጣጥ ሲባል አብተው ፊቱ በራ። ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና ራሱ ያስተካክለው ጀመር። እናቱን ባላባት አደረጋት። ልጁ ሞግዚቱ ሞታበት ሲያለቅስ እናቱ ትቆጣዋለች፤ ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅ ይጠላል። ጥሩ ነው፣ ይሁን። ከዚያ የእናትየዋን ቃል በራሱ እጅ ጻፈው፦ በዚህ ቤት አይለቀስም። ጽፎ ሲያበቃ ድምፁን አጉልቶ አነበበልንና «እንዲህ ነው ጭካኔ የሚጻፈው! ጨካኝ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው» አለን። ማኅተሙን መታበት።

እኔ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ሊያሾፍብን ነው? እያስፈራራን ነው? ምንም የለም። ፊቱ ላይ ሥራውን አሳምሮ የጨረሰ ሰው ደስታ ብቻ ነበር። ረስቶታል! የዚያችን ሴት ቤት፣ በሩን፣ የገዛ ቃሉን ረስቶታል። በተንኮል አድርጎት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ቢያንስ ያስታውሳታል ማለት ነው። ይሄ ሰውዬ ግን የአንድ ቤት ለቅሶ ዘግቶ ሄዶ ምሳውን በልቶ ረሳው። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያበግነው ይሄ ነው።

ስንወጣ ለኃይለየሱስ ነገርኩት። እሱ ለሰፈሩ አዲስ ነው፣ አያውቅም። ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁን እንዴት እናወጣዋለን? ማኅተም አርፎበታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማኅተም ካረፈበት ወዲያ አንድ ፊደል የነካ ሰው የሚሄድበትን ሁላችንም እናውቃለን።

እናቲቱን የሚጫወት ሰው ጠፋ። የቡድኑ ሴቶች ልጃገረዶች ናቸው፣ ድምፃቸው እናት አይሆንም። እትዬ በላይነሽ ሰምታ ራሷ መጣች። «ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እናቱን እኔ ልሁን» አለች። ኃይለየሱስ እኔን አየኝ። ወደ ምግብ ቤቱ ጓሮ ተከትያት ሄድኩና ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ሳትሰማ ማይክራፎን ፊት ብትደነግጥስ?

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ይቅርብሽ። ቃሉ... ያ ያኔ የተባልሽው ቃል ነው።»

ቢላዋዋ ቆመ። «ማን ጻፈው?»

«እሱ።»

«በእጁ?»

«በእጁ። ረስቶታል እትዬ።»

ከዚያ ቢላዋውን በሽርጧ ጠርጋ ሌላ ሽንኩርት አነሣች። «እሱ ይርሳ። እኔ አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ሳላለቅስለት ብሞት አስናቀ ምን ይለኛል? ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ መጣች። የታጠበ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች። አብተው ካኪውን ለብሶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ራሱ የጻፈውን ሊሰማ ነዋ! መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰልፉ ይታየናል፣ ከሪማ ሻርፗን አገጯ ሥር አስራ ከፊት ቆማለች። ኃይለየሱስ ምድጃውን ለኮሰ፣ መንኮራኩሩ ተነሣ። እኔ በድምፅ በላው ድምፅ «ልጅ ነበርኩ፣ ማልቀስም አውቅ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። ልጁን የምትጫወተው ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቀጥሎ የእናቲቱ ተራ ነው።

እትዬ በላይነሽ ማይክራፎኑ ፊት ቆማ ዝም አለች።

ምድጃው ይነፋል። ኃይለየሱስ በእጁ ምልክት ሰጣት፣ አልተናገረችም። አብተው በከንፈሩ ብቻ ቃሉን አሳያት፣ አልተናገረችም። ማየት ብቻ። ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ትዕግሥቱ አለቀና ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸባት፦

«በዚህ ቤት አይለቀስም! በይ እንጂ!»

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ያ ድምፅ፣ ያው ራሱ ድምፅ፣ ያው ራሱ ቃል፣ ከጣሪያው ላይ ሆኖ በሰፈሩ ሁሉ ተሰማ።

«ይለቀሳል!» አለችው እትዬ በላይነሽ።

ከዚያ ጮኸች። «አስናቀ! አስናቀ ልጄ! በምሳህ ላይ የወሰዱህ! ፉጨትህ ቀድሞህ የሚገባ ልጄ! መቃብርህን የነሱኝ! ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጄ ሞተ! ልጄ ሞቶ ለቅሶ ከለከሉኝ!» ሁለት እጇ ደረቷ ላይ ነው። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከሰው አንጀት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ልጁን ሆና የምትጫወተው ልጅ የእውነቷን ማልቀስ ጀመረች። ኃይለየሱስ ምድጃውን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በእኛ አገር ለቅሶ ተሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ማን እንደሞተ አይጠየቅም፣ መጀመሪያ ይሮጣል። ሰልፉ ፈረሰ። ተራው እንዳይወሰድበት ከንጋት ጀምሮ የቆመ ሰው ፌስታሉን ጥሎ ወደ አዳራሹ በር መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከማዶ ሰፈር ያሉት ድራማውን ያልሰሙት ለቅሶውን ብቻ ሰምተው «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያሉ ሜዳውን ሞሉት። የጋሪ ነጂዎቹ ወረዱ። ወዬሳ ቤቱ ሆኖ ሰማ፤ ለማን እንደሆነ ሳያጣራ የሰቀለውን ጥሩምባ አውርዶ ነፋ። ሰውየው የሰማውን ለቅሶ ነው የለፈፈው፣ ምን ያድርግ? ጥሩምባው ሲሰማ ደግሞ እድርተኛው በሙሉ ወጣ።

አብተው «ንቀለው! ንቀለው!» እያለ ይጮህብኛል። ሶኬቱ ከእኔ ወንበር ሥር ነበር። አልነቀልኩትም። ወንበሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በላዩ ተቀመጥኩበት።

ወደ መስኮቱ ሄዶ ሕዝቡን አየ። ጠመንጃ ያዦቹ ከሕዝቡ መሐል ጠመንጃቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ቆመዋል፤ አንደኛው ያለቅስ ነበር። አብተው ላብ በላብ ሆነ። ተመልሶ ማይክራፎኑን ነጠቃትና ድምፁን አለዝቦ መናገር ጀመረ።

«ጓዶች! ተረጋጉ። ይህ ቲያትር ነው። ማንም አልሞተም። ጓድ በላይነሽ የትወና ችሎታዋን ነው ያሳየችን። እሷው ራሷ ትነግራችኋለች።» ማይክራፎኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ቲያትር ነው በያቸውና በሰላም ቤትሽ ግቢ። አለዚያ አንቺም እነዚህም ዛሬ አታድሩም» አላት። እኔና ኃይለየሱስ ሰምተናል። ከዚያ ማይክራፎኑን አፏ ላይ ደቀነላት።

እትዬ በላይነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ውጭ ያለው ሕዝብ ፀጥ ብሏል፣ ፈረስ እንኳ አላንኮራፋም። እንደ ወትሮዋ፣ ሾፌሮቹን እንደምትናገርበት ድምፅ፣ ረጋ ብላ ተናገረች።

«ማንም ካልሞተ፣ አስናቀን አምጣልኝ።»

ከውጭ ከሪማ «አምጣላት!» አለች። ከኋላዋ ሌላ ሴት «የእኔንም!» አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች፣ ከማዶ ሰፈር የመጡት ሁሉ፣ የየልጃቸውን ስም እየጠሩ «አምጣልን!» አሉ። አብተው ማይክራፎኑን ጣለው፣ በጓሮ በር ወጣ።

ሴቶቹ እትዬ በላይነሽን በሁለት በኩል ደግፈው ቤቷ ወሰዷት። እድሩ ድንኳኑን ተከለ። ከሪማ በዚያን ጊዜ የመለሱባትን ውሃ በጆግ ይዛ ገባች። አመሻሹ ላይ ከበላይ የመጡ ሌሎች ወታደሮች እሷንም እኛንም ወሰዱን፤ ድንኳኑን አፈረሱት፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ድምፅ ማጉያው ከጣሪያው ወረደ። ኃይለየሱስ ከእስር ሲወጣ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩት። እትዬ በላይነሽን በምርመራው ቲያትር ነበር ብለሽ ፈርሚ ብለዋት ነበር። የጣት አሻራሽን ብቻ አኑሪ አሏት። እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተች፣ አላወጣችውም። ብዙ ወራት ታስራ ስትፈታ ተመልሳ ሽንኩርቷን ከተፈች፤ ስታለቅስ ያገኛት ሰው ሲጠይቃት ግን ሽንኩርቱ ነው ማለት ትታለች። «ልጄ ነው» ትላለች።

አሁን እሷ ከሞተች ቆይቷል። አብተው አለ። ኬክ ቤት ቁጭ ብሎ ተዋናይ ነበረች ይላል፣ ያ ቀን ቲያትር ነበር፣ ማንም አልሞተም ማለቱ ነው። እሺ፣ ይሁንልህ አብተው። የተጠየቅኸውን ግን እስከ ዛሬ አላመጣህላትም።